የሲኒማ እሳትና የይፋት ቆላ

ሲኒማቶግራፍ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ ይኸውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ትርኢቱ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ብዙዎች አንባቢዎቻችን የሰሙት ነገር ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ ነጭ ሸራ ተወጥሮ፥ በዚያም ላይ ሥጋና ነፍስ የሌለው ሰው ሲሄድና ሲሮጥ በታየ ጊዜ ይህ ስም መውጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬ በዚያ ስም የሚሥቅ ብዙ ነው። እኛ ግን አባቶቻችን በአንድ ነገር አልተሳሳቱም እንላለን፤ ዓይን ያየውን ሁሉ ከመቀበል አስቀድሞ ይህን ያሳየኝ ማን ነው፥ እንዴትስ አድርጎ አሳየኝ ብሎ መጠየቅ የሚገባ መሆኑን ዐውቀው ነበርና። ይህም ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ገና ተነሥቶ፥ ከከተማ ሲኒማ ቤት አልፎ እስከ ይፋት ቆላ ድረስ ወርዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲኒማ ሥራ ያልነበረውን እንደ ነበረ አድርጎ ለማሳየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጥንቱ ነው፤ ቤቱን በእንጨትና በጭቃ ሠርቶ፥ ቁስሉን በሰምና በቀለም አበጅቶ፥ አውሬውን በብረትና በጎማ ቀርጾ፥ ዝናሙን ከቧንቧ አዝንሞ፥ ዕቃውን በካሜራው ፊት አቁሞ ማንሣት ነው። ሁለተኛው በኮምፒዩተር የሚደረገው ነው፤ በካሜራው ፊት አንዳች ነገር ሳይቆም ባለሙያው በመኪናው ውስጥ ይሥለዋል፥ ብርሃንና ጥላም ይሰጠዋል፥ ከዚያም ካሜራው ካነሣው ሥዕል ጋራ ያጋጥመዋል። በውጭ አገር ከሁለቱ የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ክርክራቸውም ያው የጣዕም ክርክር ነው። የእኛ ግን ከጣዕም የሚያልፍ ነው። በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ እውነተኛው ጭስና እውነተኛው የጥይት ድምፅ ምን እንደ ሆነ ሕዝቡ በራሱ ላይ ያየ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር የሚሠራ ፊልም ምኑ እውነተኛ፥ ምኑስ የተሣለ ይሁን የሚለውን የሚፈቅዱት ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል። የእኛ አሳብ አስቀድሞ ይነገር፤ ምድሩ፥ ቤቱና ልብሱ በእጅ የተሠራ እውነተኛ ይሁን፤ እሳቱና ተኩሱ ግን የኮምፒዩተር ይሁን።

ለእጅ ሥራ ይህን ያህል ማድላታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የእስራኤል ልጆች ባሕረ ኤርትራን የተሻገሩበትን ታሪክ ካህናት አንባቢዎቻችን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አሜሪካዊው ሲሲል ቢ ዴሚል ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ በሲኒማ አሳይቷል (የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1923 ዓ.ም በሠራው ፊልም የባሕሩን ግድግዳ ያበጁት ጄላቲን ከሚባል እንደ ረጋ መረቅ ከሚንቀጠቀጥ ነገር ነበር፤ እርሱን በሙቀት ሲያቀልጡት አነሡና ፊልሙን ወደ ኋላ አዙረው አሳዩት። በ1956 ዓ.ም በሠራው ደግሞ ታላላቅ ማጠራቀሚያዎች አቁመው፥ ውኃውን ከሁለት ወገን ወደ መካከል በአንድ ጊዜ ለቀው፥ ይህንንም ገልብጠው ባሳዩት ጊዜ ባሕሩ ሲከፈት ታየ። ሕዝቡ ያየው ውኃ እውነተኛ ውኃ ነው፤ የተገለበጠው ጊዜው ብቻ ነው። ያ ፊልም ከተሠራ ሰባ ዓመት ቢሆነውም፥ በፋሲካ ሰሞን ሲታይ የዚያ ውኃ ክብደት ዛሬም ልብ ያስደነግጣል።

በ1993 ዓ.ም የስቲቨን ስፒልበርግ «ጁራሲክ ፓርክ» በወጣ ጊዜ ዓለሙ ሁሉ የኮምፒዩተር ዘመን መጣ አለ። ነገር ግን በዚያ ፊልም አውሬዎቹ የሚታዩበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚህም ውስጥ በኮምፒዩተር የተሣለው ከእኩሌታው ያንሳል። የቀረው ስታን ዊንስተንና ሠራተኞቹ በብረትና በጎማ አበጅተው ያንቀሳቀሱት ነው። ሕፃናቱ በመኪናው ውስጥ ሆነው የጮኹት በፊታቸው የቆመ ግዙፍ ነገር አይተው ነው። በባዶ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቆሞ እንዲፈራ የታዘዘ ተዋናይ ፍርሃቱን ከየት ያመጣዋል? በቅኔ ቤት የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተማሪው ሰሙን ሳያሳምር ወርቁን ላውጣ ቢል መምህሩ ይመልሰዋል፤ ሰሙ ራሱ የቆመ ነገር ካልሆነ ወርቁ የሚፈስበት ስፍራ አያገኝምና።

ሆኖም በዚህ በኩል የሚመኩትም ሁልጊዜ እውነቱን ሁሉ አይናገሩም። በ2015 ዓ.ም የወጣው የጆርጅ ሚለር «ማድ ማክስ» በናሚብያ በረሃ እውነተኛ መኪናዎች አሩጦና አገላብጦ ስለ ተሠራ የእጅ ሥራ ወዳጆች እስካሁን ያመሰግኑታል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን ሰዎቹን የያዘውን ገመድ ከሥዕሉ ላይ የፋቀው፥ የሰማዩንም መልክ የለወጠው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ባላጋራ አድርጎ ማቆም የጋዜጣ ወሬ ነው እንጂ የሠራተኞቹ አሳብ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1966 ዓ.ም ክረምት ባነሣ ጊዜ በእጁ የነበረው ጥቁርና ነጭ የአሥራ ስድስት ሚሊሜትር ፊልም፥ የፀሐይ ብርሃንና ተዋንያን ያልሆኑ ባላገሮች ብቻ ነበሩ። የሚያስመስለው ነገር አልነበረውም፤ የበሬው ድካም የበሬ ድካም ነው፥ ጭቃውም ጭቃ ነው። በዚህም ድኽነት የተሠራው ሥራ ዛሬ በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ይታያል። ሚጌል ያንሶ የተባለው የእስፓኝ ሰው ደግሞ በ2015 ዓ.ም (በፈረንጆች ነው) በአገራችን ምድር በሠራው «ክረምስ» በተባለ ፊልም፥ በሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ መርከብ አሳይቷል፤ መርከቡ የተሣለ ነው፥ ከበታቹ የሚሄደው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ የሚረግጠው መሬት ግን የኢትዮጵያ መሬት ነው። ሥዕሉ የሚታመነው መሬቱ ስለሚታመን ነው። እኛም የምንለው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፥ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን በወረደ ጊዜ ጋቢውን አውልቆ ያጥፋል። ብርዱ በኋላው ቀርቶ ሙቀቱ ይቀበለዋል። ማሽላው፥ ማሾው፥ በሮቢ ወንዝ የሚጠጣው ሽንኩርትና ትምባሆ ወደሚበቅልበት ሜዳ ሲገባ ሸዋ ሮቢት ደረሰ ማለት ነው። በዚህ ገበያ ከደጋ የወረደው አማራ፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና ከምሥራቅ ግመሉን እየነዳ የሚመጣው አፋር ይገናኛሉ። ይህ አገር በ13ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ የተነሡት የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት፥ ዐፄ ዓምደ ጽዮንም በ1332 ዓ.ም (በፈረንጆች ነው) ከሱልጣን ሰብረዲን ጋራ የተዋጉበት ይፋት ነው። በዚሁ ቆላና በተራራው ወገብ ላይ ኖራ፥ አስባሪ፥ መሳል የሚባሉት የጥንት ከተሞች የድንጋይ ግንባቸውና የመስጊዳቸው ግድግዳ እንደ ቆመ ይገኛል፤ በፈረንጆች ከ2000 ዓ.ም ወዲህ የፈረንሳይ የታሪክ ተመራማሪዎች መጥተው መርምረው ጽፈውላቸዋል። ከአገራችን ሰው ግን ስማቸውን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ይህን ታሪክ በሲኒማ ለማሳየት የሚያስብ አንድ ሰው ቢነሣ ከሩቅ አገር ቤት የሚሥልለት ባለሙያ መፈለግ አያስፈልገውም። የአርጎባ ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ከአባቱ ተምሯል፤ የአርጎባ ሸማኔም እንዲሁ። ኮምፒዩተሩ የሚሥለው የድንጋይ ቤት ያየውን ሁሉ ቀላቅሎ ስለሆነ ከየመንም ከሶርያም ከሌላም የተወሰደ ቤት ይሆናል፤ ይህን ለይቶ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ሲያየው ይሥቃል፥ ልጆቹ ግን የአያቶቻችን ቤት ይህ ነው ብለው ይማሩታል። ጉዳቱ ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1953 ዓ.ም በግንቦት ወር በካራ ቆሬ አገር የተነሣው የምድር መናወጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ይህን ዛሬ በፊልም ማሳየት የሚፈልግ ሰው በኮምፒዩተር ቢያሠራው በቀላል ይሠራለታል። በእጅ ግን እንዲህ ይደረጋል፤ ከእውነተኛው ቤት አሥራ ስድስት እጅ ያነሱ ትንንሽ ቤቶች ከዚያው ጭቃና ድንጋይ በገበታ ላይ ይሠራሉ፥ ገበታውም ይናወጣል። ትንሽ ድንጋይ በቶሎ ስለሚወድቅ ሥዕሉ የልጅ መጫወቻ እንዳይመስል፥ ካሜራው በሰኮንድ 24 ሥዕል በማንሣት ፈንታ 96 ያነሣል፤ በኋላም በ24 ሲታይ ጊዜው አራት እጅ ይረዝማል፥ አቧራውም በክብደት ይወርዳል። ስሌቱ የታወቀ ነው፤ የመጠኑ ካሬ ሥር ይወሰዳል፥ የአሥራ ስድስት ካሬ ሥር አራት ነውና። ይህን ለመማር የይፋት ወጣት ባሕር መሻገር አያሻውም። ግንበኛውም፥ አናጢውም፥ ሠዓሊውም የቀን ዋጋቸውን እዚያው ይቀበላሉ፤ ገንዘቡ ከሮቢት ገበያ አይወጣም። በዚህ ነገር የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎችም የሚስማሙ ይመስለናል።

በጥንቱ ግንብ ላይ ግን የእጅ ሥራ ይቅር። የኖራ መስጊድ ጣራ የለውም። ጣራ ያለው ሆኖ እንዲታይ የፈለገ ሰው እንጨትና ሚስማር ይዞ ወደ ግድግዳው እንዳይቀርብ መከልከል አለበት፤ በሥዕሉ ላይ ይሣለው እንጂ በድንጋዩ ላይ አይንካው። ኮምፒዩተር ቅርስ ሳይነካ የሚሠራ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንመጣለን። በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም ከሮቢት በስተሰሜን ያለችው የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች፥ ሕዝቧም ተሰደደ። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከዚያም ወዲህ የጥይት ድምፅ ከአገሩ ፈጽሞ ራቀ ማለት አይቻልም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሥራ ጉዳይ ወደዚያ አገር ወርዶ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የፊልም ሠራተኞች ከከተማው ወጣ ብለው ለትርኢታቸው ሁለት የመኪና ጎማ አቃጠሉ። የሚነድ መንደር ለማስመሰል ነው። ፈቃድ ነበራቸው፥ ክፋትም አልነበራቸውም። ጥቁሩ ጭስ ከማሽላው በላይ ብቅ ባለ ጊዜ ግን ገበያው በአንድ ትንፋሽ ተበተነ። አንዲት ሽንኩርት የሚሸጡ ባልቴት ሚዛናቸውን ጥለው ሽንኩርቱን በነጠላቸው ቋጥረው ሲሮጡ አግኝተን «እማማ፥ አይዞዎት፥ ፊልም ነው» ብንላቸው ቆሙ፤ ግን አልተመለሱም። «ልጄ፥ ፊልም መሆኑን እኔም ሰማሁ» አሉ። «ጭስ ሳይ ግን እግሬ ራሱ ይነሣል፤ እኔ አላዝዘውም።» በማግሥቱ ሚዛኑን አንድ ልጅ መለሰላቸው። የዚያን ዕለት የቀረባቸውን ሽያጭ ግን ማንም አልከፈላቸውም፤ ፈቃዱን በሰጠው ወረቀት ላይ ስለ ገበያው የተጻፈ ቃል አልነበረምና።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእጅ ሥራን የምናመሰግን እኛ እንኳ በዚህ አንድ ነገር ሐሳባችንን ለውጠናል። በኮምፒዩተር የተሣለ ጭስ ከሸራው አይወጣም፤ ባልቴቷን አያስሮጥም። ምናልባት የተመልካቹ ዓይን ልዩነቱን ያውቅ ይሆናል፥ እሳቱም ትንሽ ቀለል ብሎ ይታየው ይሆናል። ይህ ለአንድ ፊልም የሚቀርብ ዋጋ ከሆነ እጅግ ርካሽ ዋጋ ነው።

በሥራው ላይ ስላሉት ሰዎችም ማሰብ ነው። በጥቅምት ወር 2021 ዓ.ም በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ አንድ ፊልም ሲሠራ፥ ባዶ ነው በተባለ ሽጉጥ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ተገኝቶ አንዲት የካሜራ ባለሙያ ሞታለች። በ1982 ዓ.ም በካሊፎርኒያ ፊልም ሲነሣ ሄሊኮፕተር ወድቆ አንድ ተዋናይና ሁለት ሕፃናት ገድሏል። በ1936 ዓ.ም በወጣው የእንግሊዝ ፈረሰኞችን ጦርነት በሚያሳየው ፊልም ብዙ ፈረሶች በገመድ ተጠልፈው እንዲወድቁ በመደረጉ ሞተዋል፤ በእንስሳት ላይ የሚደረገውን የሚጠብቅ ደንብ በአሜሪካ የበረታው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚያ ባለ ብዙ ሀብትና ባለ ብዙ ጠባቂ ሆነው ይህ ከደረሰባቸው፥ ጠመንጃ በየቤቱ ባለበት አገር፥ የትኛው ጥይት የፊልም የትኛውም የጠብ መሆኑ በማይለይበት ቆላ ውስጥ የፊልም ተኩስ መፍቀድ ምን ማለት ነው? ግመሉና ከብቱስ የሚደነግጠው በማን ዕዳ ነው?

ይህን ስንል ግን ከኮምፒዩተሩ የሚመጣውን ሌላ ክፋት የዘነጋን አይምሰል። በየካቲት 2024 ዓ.ም አንድ የአሜሪካ ኩባንያ «ሶራ» ብሎ የሰየመውን መኪና ለዓለም አሳየ፤ ቃል ብቻ ሲጽፉለት የሚንቀሳቀስ ሥዕል ያወጣል። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚመስል ብዙ መጥቷል። አስቀድሞ አንድ መንደር ሲቃጠል አስመስሎ ለማሳየት ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው በጓዳው ሆኖ ይሠራዋል። ያንንም ይህ ዛሬ በይፋት የሆነ ነው ብሎ በስልክ ቢልከው፥ ከመነገሩ አስቀድሞ ሰው ጠመንጃውን ያነሣል። በጦርነቱ ጊዜ ከሌላ አገር የተወሰደ ፎቶግራፍ የእኛ ነው ተብሎ ሲዞር አይተናልና ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለዚህ ነገር የሚያገለግል ክፍል አለው፤ ነገር ግን አዋጅ የሚደርሰው እሳቱ ከነደደ በኋላ ነው።

በዚህ አንዳንድ ካህናት ወዳጆቻችን፥ እንግዲያስ የተሣለ ነገር ሁሉ ሐሰት ነውና ሲኒማው በሙሉ ይቅር ይላሉ። ይህ ትክክል አይመስለንም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ተሥሏል፤ ሠዓሊው ዘንዶውን አላየውም፥ እኔ አይቼዋለሁ ብሎም አልመሰከረም። ምእመኑም ሥዕል መሆኑን ዐውቆ ይሳለመዋል፤ ማንም አልተታለለም። ሐሰት የሚሆነው ሥዕል ራሱን ምስክር አድርጎ በሸንጎ ሲያቆም ነው። የፊልም እሳት በሲኒማ ቤት ውስጥ፥ ርእሱ ተነግሮ፥ የሠሪዎቹ ስም ተጽፎ ሲታይ እንደ ግድግዳው ሥዕል ነው። ከዚያ ውስጥ አንዲት ደቂቃ ተቆርጣ ስም ሳይኖራት በስልክ ስትዞር ግን የሐሰት ምስክር ትሆናለች። ልዩነቱ በእጅ ወይም በኮምፒዩተር መሠራቱ አይደለም። ያ የጎማ ጭስም በስልክ ተነሥቶ በዚያው ቀን ማታ «ሮቢት ተቃጠለች» ተብሎ ቢላክ ኖሮ፥ በእጅ የተሠራ እውነተኛ ጭስ መሆኑ ማንን ያድን ነበር?

ስለዚህ ለፊልም ፈቃድ የሚሰጡት የባህልና የኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቶች በክልልም በዞንም ያሉት፥ እንዲሁም የቀወት ወረዳና የሸዋ ሮቢት ከተማ ሹማምንት፥ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር እንዲጨምሩ እንለምናለን። በዚህ ቆላ ለትርኢት ተብሎ ጎማም ሣርም አይቃጠል፥ ጥይትም አይተኮስ፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በኮምፒዩተር ይሣል። የሚሠራው ቤትና የሚለበሰው ልብስ ግን በተቻለ መጠን በአገሩ ግንበኛና በአገሩ ሸማኔ ይሠራ፥ ዋጋቸውም በውል ይጻፍ። የተሣለው እሳት በሚታይበት ሥዕል ጥግ ላይ፥ ተቆርጦ ቢወሰድ እንኳ የማይጠፋ የፊልሙ ስም በግልጥ ይታተም። ይህ የመጨረሻው ለፊልሙ ውበት ጥቂት እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ባለሙያዎቹም እንደሚቆጡብን።

ካህናቱንና ሼሆቹንም የምንለምነው አለን። ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ባልቴቷ አታነበውም። ፊልም ሠሪዎች ወደ ቀበሌው በመጡ ጊዜ፥ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፥ በዓርብም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጅ፥ የሚመጡት እነማን እንደ ሆኑ፥ በየትኛው ሜዳ እንደሚሠሩ፥ የሠራዊት ልብስ የለበሰ ሰው ቢታይ ተዋናይ መሆኑ ለሕዝቡ ይነገር። የሥራውም ቀን ከገበያ ቀን ጋራ እንዳይገጥም ሹማምንቱ ከሠሪዎቹ ጋራ አስቀድመው ይነጋገሩ። የተበተነ ገበያ ዕዳ በማን ላይ እንደሚሆንም በዚያው ወረቀት ይጻፍ።